ፀሐይ በሞላባት ከተማ የፀሐይ ቫይታሚን ለምን ያንሰናል?



በድሬዳዋ ከተማ ተቀምጦ «ፀሐይ አነሰኝ» የሚል ሰው ቢገኝ ከሚያዝንለት ይልቅ የሚስቅበት ይበዛል። ከተማችን ከሐረር ተራሮች ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋች ቆላ ናት። ዓመቱን ሙሉ የምንሸሸው ፀሐይን እንጂ ብርድን አይደለም። ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ የከዚራ ዛፎች ጥላ ይፈለጋል፤ ቤት ያለውም ከአየር ማራገቢያው ሥር ጋደም ይላል። ታዲያ በዚህች ከተማ ሰውነታችን ከፀሐይ የሚያገኘው ቫይታሚን ዲ ያንሳል ቢባል ማን ያምናል? ሆኖም ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ይኸው ለማመን የሚያስቸግረው ጉዳይ ነው። ጉዳዩ አጥንትን ብቻ ሳይሆን ኩላሊትንም የሚነካ ስለሆነ፣ የቤቱንና የመሥሪያ ቤቱን ሥራ አጣምረን የምንሮጥ እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብለን ብናስብበት ጊዜያችን አይባክንም።

እኔን ስለዚህ ነገር እንድጠይቅና እንዳነብ ያደረገኝ የአክስቴ ሕመም ነው። አክስቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ መጋላ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። የስኳር ሕመም ከያዛቸው ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ የደም ግፊትም ተጨምሮበታል። ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወገባቸውን፣ ጭናቸውንና ቅልጥማቸውን ይቆረጥማቸው ጀመር። ከምንጣፍ ላይ ለመነሣት መሬት መመርኮዝ ግድ ሆነባቸው። «ይህ የዕድሜ ነው፤ ስፌቱ ያመጣብኝ ነው» እያሉ ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ እየገዙ ቆዩ። ቆይተው ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ በደም ምርመራ ኩላሊታቸው መድከሙ ታወቀ። ሐኪሙ ካዘዙላቸው መድኃኒቶች መካከል አንዲት ትንሽ እንክብል ነበረች። «ይህቺ ቫይታሚን ዲ ናት፤ ኩላሊትዎ ሠርቶ መጨረስ ስላቃተው ያለቀለትን ነው የምንሰጥዎ» ብለው አስረዷቸው።

አክስቴ ግን በዚህ አልረኩም። «ልጄ፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ ድሬ ላይ ስጠበስ ኖሬ የፀሐይ ቫይታሚን አነሰዎ ይሉኛል! ደግሞስ ፀሐይና ኩላሊት ምን አገናኛቸው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ጥያቄ ይመስለኛል። ባለሙያ ጠይቄ፣ አንብቤም የተረዳሁትን እነሆ ላካፍላችሁ።

ከቆዳ እስከ ኩላሊት

ቫይታሚን ዲ ከሌሎቹ ቫይታሚኖች የተለየ ነው። ሌሎቹን በአብዛኛው ከምግብ እናገኛቸዋለን፤ ይህን ግን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ቀድመው ተይዘው ስለነበር አራተኛው ፊደል ደረሰው። በኋላ ግን ሳይንቲስቶቹ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ሥራው ከቫይታሚን ይልቅ የሆርሞን ሆኖ አገኙት። ሆርሞን ማለት ከአንድ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ በደም አማካይነት ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው።

ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናትና ነገሩን በባቡር ብናስበው ይቀለናል። በዚያ በጥንቱ ባቡር ዘመን ከጅቡቲ ወደብ የተጫነ ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ፣ አዋሽን አልፎ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ቫይታሚን ዲም እንዲሁ በየጣቢያው እያረፈ ነው የሚጓዘው። የሚሳፈረው ከቆዳችን ነው። በቆዳችን ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር ዘመድ የሆነ አንድ የስብ ዓይነት አለ። አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ወደ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ነገር ግን በዚህ መልኩ ገና ጥሬ ነው፤ ምንም ሥራ አይሠራም።

የመጀመሪያው ጣቢያ ጉበት ነው። እዚያ አንድ ኤንዛይም ተቀብሎ ይለውጠዋል። ኤንዛይም ስንል አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚቀይር የሰውነት ሠራተኛ ማለታችን ነው። እርሾ ሊጥን የሚያቦካው በውስጡ ባሉት ኤንዛይሞች እንደሆነ ሁሉ፣ በሰውነታችንም ውስጥ ብዙ ዓይነት ኤንዛይሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ከጉበት የሚወጣው ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ስንቅ ነው፤ ሐኪም ቫይታሚን ዲያችንን በደም ምርመራ ሲለካም የሚለካው ይህንኑ ነው። እርሱም ቢሆን ገና በሚገባ አልበሰለም።

የመጨረሻው ጣቢያ ኩላሊት ነው። በኩላሊት ውስጥ ያለው ሌላ ኤንዛይም የመጨረሻውን ለውጥ አድርጎበት ካልሲትሪዮል የተባለውን ሠራተኛ ሆርሞን ያወጣል። ይህ የኩላሊት ድርሻ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ፍሬዘርና ኮዲቼክ የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ኩላሊታቸው የወጣ አይጦች ይህን ሆርሞን መሥራት እንደማይችሉ በማሳየት ምሥጢሩን ገለጡት። ከዚያ በፊት ኩላሊት የሚታወቀው ደም በማጣራትና ሽንት በማውጣት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን የአጥንትም ሞግዚት እንደሆነ ታወቀ።

ይህ የኩላሊት ኤንዛይም እንደፈለገ አይሠራም፤ ተቆጣጣሪ አለው። ከአንገታችን ሥር፣ ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ፣ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። በደማችን ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲቀንስ እነዚህ ዕጢዎች ለኩላሊት ትእዛዝ ይልካሉ። ኤንዛይሙ ይነቃል፤ ካልሲትሪዮል ይሠራል፤ እርሱም ወደ አንጀት ሄዶ ከበላነው ምግብ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፈረስ በደንብ እንዲመጠጥ ያደርጋል። በቂ ሲሆን ደግሞ ራሱ ካልሲትሪዮል ያንን የሚሠራውን ኤንዛይም አቀዝቅዞ፣ ትርፉን የሚያፈርሰውን ሌላ ኤንዛይም ይቀሰቅሳል። ድስቷ ገንፍሎ እሳቱን እንዳያጠፋባት ማገዶውን ሳብ እንደምታደርግ ባለሙያ ሴት ማለት ነው። ሲያንስ መጨመር፣ ሲበዛ መቀነስ፤ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። ስኳርና ግፊት ለዓመታት ኩላሊትን ሲጎዱት የመጨረሻው ጣቢያ ሠራተኞች እየመነመኑ ይሄዳሉ። ፀሐይ ቢሞላ፣ ጉበቱም ሥራውን ቢሠራ፣ ከመጨረሻው ጣቢያ ላይ የሚረከብ ሲጠፋ ዕቃው ይቆማል። አንጀት ካልሲየም መምጠጡን ይቀንሳል። ኩላሊቱ ማስወገድ የነበረበት ፎስፈረስም በደም ውስጥ ይከማቻል። ይህን ያዩት የአንገት ዕጢዎች ትእዛዛቸውን ያበዛሉ፤ ከኩላሊት መልስ ሲያጡ ካልሲየሙን ከአጥንት ላይ ማስቆረስ ይጀምራሉ። አጥንት ይሳሳል፤ ይቆረጥማል፤ በቀላሉም ይሰበራል። ሐኪሙ ያለቀለትን ቫይታሚን ዲ ያዘዙላቸው ስለዚህ ነው። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ብርቱ ስለሆነ በደም ምርመራ እየተከታተሉ የሚወስዱት እንጂ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያዋሰው አይደለም።

እኛስ ፀሐይ እናገኛለን ወይ?

«የእርሳቸውስ ኩላሊት ነው፤ ጤነኞቹስ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ11 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 174 ተማሪዎች መርምሮ ነበር። በጠቅላላው ከመቶ 42ቱ የቫይታሚን ዲ እጥረት ተገኘባቸው። ይበልጥ የሚያስገርመው ልዩነቱ ነው፤ ከገጠሮቹ ልጆች ከመቶ 21 ያህሉ ብቻ እጥረት ሲኖርባቸው፣ ከከተማዎቹ ግን ከመቶ 62 ያህሉ ነበሩ። ፀሐዩ አንድ ነው፤ አገሩ አንድ ነው፤ የተለየው አዋዋሉ ነው። የገጠሩ ልጅ ከብት ሲያግድ፣ ውሃ ሲቀዳ፣ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይውላል። የከተማው ልጅ ከቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤት ነው።

አዳማ ከደረሰች ድሬዳዋ ምን ይቀራታል? የራሳችንን አዋዋል እንመልከት። አልትራቫዮሌት ቢ የሚበረታው ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ፣ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ነው። እኛ ደግሞ በሙቀቱ ምክንያት በዚያ ሰዓት ጥላ ውስጥ ነን። ልብስ ስፌት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ቢሮ የምትውለው እህታችን በጠዋት ገብታ አመሻሽ ላይ ትወጣለች። የሌሊት ፈረቃ የምትሠራውማ ቀኑን ተኝታ ታሳልፈዋለች። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ይበቃል እንዳትሉ፤ መስተዋት ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ይህን ጨረር ያስቀራል። በዚያ ላይ የጠቆረ ቆዳ ከኃይለኛ ፀሐይ የሚጠብቀን ጃንጥላችን ነውና ቫይታሚኑን ለመሥራት ከነጣ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። አለባበሳችንም ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ከሆነ የሚቀረው ፊትና እጅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ሴቶች እጥረቱ በብዛት እንዳለባቸው፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስባቸው አሳይቷል።

ይህን ስል አለባበሳችንን እንለውጥ ማለቴ አይደለም። የእምነትና የባህል ነገር ለየራሳችን ነው። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ የድሬዳዋና የሐረር ቤቶች ግቢ አላቸው። በግቢው ውስጥ፣ ሴት ከሴት ጋር ሆነው፣ እጅንና እግርን ገልጦ ልብስ ማጠብ፣ እህል መልቀም፣ ፀጉር መሠራት የነበረ ነው። ዛሬ በኮንዶሚኒየምና በተከራየነው አንድ ክፍል ውስጥ ያጣነው ግቢውን ነው። ስለዚህ በረንዳም ሆነ ሰገነት፣ ያለውን አስቦ መጠቀም ያስፈልጋል።

የሕፃናቱ ነገር

እጥረቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። አጥንታቸው ገና በመጠንከር ላይ ስለሆነ ቫይታሚን ዲ ሲያጡ ይለሰልሳል፤ ሪኬትስ የሚባለው ሕመም ይኸው ነው። የሕፃኑ እርግብግቢት ሳይገጥም ይቆያል፤ ጥርሱ ይዘገያል፤ የእጁ አንጓ ያብጣል፤ ሲቆም እግሩ ይወለገዳል። ላቡ ይበዛል፤ ይነጫነጫል፤ እኩዮቹ ሲድሁ እርሱ አይድህም።

ጉዳቱ በእግር መወልገድ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ሉሉ ሙሄ ናቸው። የሳንባ ምች ይዟቸው ከተኙት 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ ናቸው። ሌሎች ምክንያቶች ታስበው ከተቀነሱ በኋላም ግንኙነቱ 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የደረት አጥንታቸውና ጡንቻቸው የላላ ሕፃናት አየር እንደልብ መሳብና አክታ ማስወጣት ይቸግራቸዋል። እናቶች ሆይ፣ ይህ ጥናት የተደረገው በሩቅ አገር ልጆች ላይ ሳይሆን በገዛ አገራችን ልጆች ላይ ነው።

ታዲያ ልጆቻችንን ምን ከፀሐይ ያርቃቸዋል? አንዱ ፍቅራችን ነው። አራስ ቤት በአርባና በሰማንያ ቀን ልማድ ይጠበቃል። ከዚያም በኋላ «የሰው ዓይን ይበላዋል፤ ምች ይመታዋል፤ ነፋስ ይገባዋል» እያልን ሕፃኑን በሻርፕ ጠቅልለን እንይዘዋለን። ሁለተኛው የኑሯችን ነገር ነው። የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ሕፃኑ ለሞግዚት ይተዋል፤ ሞግዚቷ ደግሞ በር ዘግታ እንድትውል ታዝዛለች። ሕፃኑን ፀሐይ እንድታሞቅ ማንም አልነገራትም። ይህን መንገር የኛ ፈንታ ነው።

አያቶቻችን ሕፃን ፀሐይ ያሞቁ ነበር፤ መልካም ልማድ ነው። ቅቤ መቀባታቸውን ግን ከቫይታሚኑ ጋር አናያይዘው፤ ሥራውን የሚሠራው ጨረሩ ነው። ሰዓቱንም ማወቅ ይገባል። ገና ጎህ ሲቀድ ያለው ለስላሳ ፀሐይ ደስ ይላል እንጂ አልትራቫዮሌት ቢ የለውም ማለት ይቻላል። ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ ቁሙና ጥላችሁን እዩ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ እጅግ ከረዘመ ጨረሩ ደካማ ነው፤ ከቁመታችሁ ካነሰ ብርቱ ነው። በድሬዳዋ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ጥላችን ወደ ቁመታችን የሚጠጋበት፣ ሙቀቱም ገና ያልከበደበት ጊዜ ነው። የሕፃኑን ዓይን ከፀሐይ መልሶ፣ ራሱን ከልሎ፣ እጅና እግሩን ገልጦ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ይቻላል። ቆዳው እስኪቀላ ወይም ሰውነቱ እስኪግል ድረስ ማቆየት ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በብዙ አገሮች ለሚጠባ ሕፃን በየቀኑ 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ይሰጣል፤ በጣም ለጋ የሆነ ወይም ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ያላት እናት ስለዚሁ ጤና ጣቢያ ብትጠይቅ ይበጃታል። የእናት ጡት ወተት በብዙ ነገር የተሟላ ሆኖ ሳለ በዚህ ቫይታሚን ጥቂት ስለሆነ ነው ጠብታው የሚታሰበው። ስለዚህ ጡት መተው አያስፈልግም።

ከማዕዳችንስ?

ምግባችን በቫይታሚን ዲ ሀብታም አይደለም። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ፓስታውና ሩዙ ከዚህ ቫይታሚን ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ጤፍ ግን ካልሲየም አለው፤ ይህም ቫይታሚኑ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነውና ንቀን አናልፈውም። ቫይታሚን ዲ የሚገኘው ከዓሣ፣ ከእንቁላል አስኳልና ከጉበት ነው፤ በቅቤም ውስጥ ጥቂት አለ። ሁሉንም በየቀኑ መግዛት ለብዙዎቻችን ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ለልጅ በሳምንት ጥቂት እንቁላል፣ ሲገኝም ከባሕር የመጣ የቆርቆሮ ዓሣ አይጠላም። በአገራችን የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ ተወስኗልና ዘይት ስትገዙ በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እቤት ፀሐይ ላይ አታኑሩት፤ ብርሃንና ሙቀት ቫይታሚኑን ያጠፉታልና።

መጥኖ መደቆስ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጥግ እንዳንወድቅ ላሳስብ። ቫይታሚን ስለተባለ ብቻ ብዙ መውሰድ ጥሩ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ለአዋቂ ሰው በቀን 600፣ ከ70 ዓመት በላይ ለሆነው 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይበቃል፤ ከ4,000 በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አይመከርም። ከፀሐይ የምናገኘው ከመጠን አያልፍም፤ ቆዳችን ትርፉን ራሱ ያፈርሰዋልና። ከእንክብልና ከመርፌ የሚገባው ግን ተከላካይ የለውም። ሲበዛ ካልሲየም በደም ውስጥ ይሞላል። ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድርቀትና የአእምሮ መደናገር ይከተላል። ካልሲየሙ በኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊሆን፣ ኩላሊቱንም እስከማድከም ሊደርስ ይችላል። ለኩላሊት ይበጃል የተባለው ያለመጠን ሲወሰድ ኩላሊትን ሲጎዳ ማለት ነው። በተለይ ለሪኬትስ ሕክምና በአንድ ጊዜ በብዛት የሚሰጠውን መድኃኒት «ባለፈው ረድቶት ነበር» ብሎ መድገም ክፉ ነገር ነው።

ሌላም ላንሣ። ሬኒን የሚባል ከኩላሊት የሚወጣ ኤንዛይም አለ፤ የደም ግፊትን ከፍ በማድረግ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ምርምር ቫይታሚን ዲ ይህን ኤንዛይም በአይጦች ላይ ገታ እንደሚያደርገው አሳየ። ይህም ብዙ ተስፋ አሳደረ፤ «እንግዲያው ቫይታሚን ዲ መዋጥ ኩላሊትን ከስኳር በሽታ ያድናል» ተባለ። ነገር ግን በአሜሪካ 1,312 የስኳር ሕመምተኞች ለ5 ዓመታት ተከታትለው፣ አንዳንዶቹ በየቀኑ 2,000 ዩኒት ሲወስዱ ሌሎቹ ባዶ እንክብል ሲወስዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ውጤት በኩላሊታቸው ሁኔታ ላይ ልዩነት አላመጣም። የጎደለውን መሙላት አንድ ነገር ነው፤ ባልጎደለው ላይ መጨመር ሌላ ነው። ስለዚህ ኩላሊትን በእንክብል እናድናለን ብለን ገንዘባችንን አናፍስስ።

ኩላሊታችንን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ኩላሊትን በብዛት የሚያደክሙት ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም ሳይሰሙ የሚገቡ ሌቦች ስለሆኑ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆናት ወይም በቤተሰቧ ሕመሙ ያለባት እህት በዓመት አንድ ጊዜ ትለካ። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር የነበረባት እናት ደግሞ ከወለደች በኋላም ክትትሉን አታቋርጥ።

ከሁሉ በላይ ግን ላስጠነቅቃችሁ የምፈልገው የሕመም ማስታገሻን ነው። አስቡት፤ አንዲት ሠራተኛ በቫይታሚን ዲ እጥረት ወገቧንና እግሯን ይቆረጥማታል። መንስኤውን አታውቅም። ሥራ መቅረት አትችልም። ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታ ትውጣለች፤ ሲሻላት ደገመች፤ ወር አለፈ፤ ዓመት አለፈ። እነዚህ መድኃኒቶች ለጥቂት ቀን በልክ ሲወሰዱ ጠቃሚ ናቸው። ያለማቋረጥ ሲወሰዱ ግን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ያሳንሳሉ፤ ስኳር፣ ግፊት ወይም የውሃ ጥም ያለበትን ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጎዱታል። ስለዚህ ያቺ ሴት አጥንቷን ለማስታገስ ስትል አጥንቷን የሚጠብቀውን ኩላሊት ታደክማለች። ቁርጥማት ከሁለትና ከሦስት ሳምንት ካለፈ ማስታገሻውን ትተን መንስኤውን እናስመርምር።

ውሃም አለ። በከተማችን ማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረውን ነጭ ነገር እያየን «ጠጠር የሚሆንብን ይህ ነው» እንላለን። ውሃችን የኖራ ድንጋይ ካለበት ምድር ስለሚወጣ ካልሲየም አለበት፤ ይሁንና ለኩላሊት ጠጠር ዋናው ምክንያት ውሃ ማነስ ነው። በሙቀት ስናልብ ሽንታችን ይወፍራል፤ በወፈረ ሽንት ውስጥ ጠጠር ለመጋገር ይመቸዋል። በቀፊራና በታይዋን ገበያ የሚውሉ እህቶቻችንን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ መጸዳጃ ስለማያገኙ ሆን ብለው ውሃ አይጠጡም፤ የጠጡትንም ይዘው ይውላሉ። ፀሐዩ ከላይ፣ ጥሙ ከውስጥ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ይህን ደግሞ ምክር ብቻውን አያድነውም። በገበያና በሥራ ቦታ ንጹሕ የሴቶች መጸዳጃ መኖር የጤና ጉዳይ ነውና በየስብሰባው ይነሣ፤ እኛም እንጠይቅ። በፋብሪካም የረፋድ ዕረፍት ሰዓት በግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ የሚቆምበት ጥቂት ደቂቃ ቢኖር ወጪው ምንም፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ሐኪም ውሃ እንዲቀንስ ያዘዘው የኩላሊት ሕመምተኛ ግን የሐኪሙን ምክር ይከተል።

ኩላሊት ጨርሶ ሲደክም የሚቀረው በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተደርጓል፤ የሚያኮራ ነው። ሆኖም ለጋሽ ዘመድ፣ ረጅም መንገድና ብዙ ወጪ የሚጠይቀውን ይህን ደረጃ ከመድረስ በፊት ማቆም ይሻላል።

አክስቴ አሁን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ማስታገሻውን ትተዋል፤ ምርመራ ሲደርስ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ኩላሊታቸው ወደ ነበረበት እንደማይመለስ ያውቃሉ፤ ባለበት እንዲቆይ ነው ትግሉ። ሴት ልጃቸው በዚህ ዓመት ወልዳለች። ሐኪሙ እንደነገሯቸው ከሆነ የስኳር ሕመም በቤተሰብ ስለሚወርድ ልጃቸውም መመርመር ይኖርባታል፤ እስካሁን ግን «ጊዜ የለኝም» እያለች አልሄደችም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ ለልጅ ጊዜ አለን፤ ለባል ጊዜ አለን፤ ለራሳችን ግን ጊዜ የለንም።

ስለዚህ ውድ እህቶች፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በየቤታችሁ ያለውን የሕመም ማስታገሻ ስንት ጊዜ እንደወሰዳችሁት ቁጠሩ። ሕፃኑን የምትጠብቀውን ልጅ ስለ ፀሐይ ማሞቅ አስረዷት፤ ሰዓቱንም በጥላዋ እንድታውቅ አሳዩአት። ግፊትና ስኳራችሁን ለመለካት አንድ ቀን ለዩ። ማንበብ የማትችል ጎረቤት ያላችሁም ይህን አንብባችሁ ንገሯት። የምትሉት ቢኖራችሁ፣ በተለይም በሥራ ቦታችሁ ስላለው የዕረፍት፣ የውሃና የመጸዳጃ ሁኔታ፣ ጻፉልን፤ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።